ሠዓሊዎቻችንን እየተከተልኩ ወደ ሸራዬ የተመለስኩበት መንገድ

ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቀው ብሩሻቸውን ያስቀመጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ችሎታ አጥተው አይደለም። የቤት ኪራይ አለ። የቀለም ዋጋ አለ። «ታዲያ ሥራ የምትይዢው መቼ ነው?» የሚል ቤተሰብ አለ። ከሁሉም በላይ የከበደኝ ግን ብቸኝነቱ ነው። ተማሪ ሳለን ሥራችንን የሚያይ መምህር ነበር፤ ጎናችን ቆሞ የሚከራከር ጓደኛ ነበር። ከምረቃ በኋላ ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። እኔ ቀን ቀን በአንድ የግል ትምህርት ቤት ልጆችን ሥዕል አስተምራለሁ። ማታ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ባዶ ሸራ ፊት እቀመጥ ነበር። «ምን ልሣል?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ያወጣኝን መንገድ ነው እዚህ የምጽፈው። ተመሳሳይ ቦታ ላይ ለቆመ ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ያደረግኩት ነገር ቀላል ነው። ከእኔ በፊት በዚህ አገር ሲሥሉ የኖሩትን ሰዎች አንድ በአንድ መከተል ጀመርኩ። የት አደገ? ማን አስተማረው? በምን ይተዳደር ነበር? ምን ነገር ደጋግሞ ሣለ? ይህን ካወቅኩ በኋላ ሥራው ወደተሰቀለበት ቦታ ሄጄ ፊት ለፊቱ እቆማለሁ። የስልክ ስክሪን ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። የሥዕሉን ስፋት፣ የቀለሙን ውፍረት፣ የብሩሹን ፍጥነት ፎቶ አያሳይም። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጀመርኩት ሁሉም ሰው ከሚያውቃቸው ከሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ነው። የተወለዱት አንኮበር ነው፣ በ1932። በ15 ዓመታቸው እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ገና መውጣቷ ነው፤ መሐንዲስ ነበር የሚፈለገው። እሳቸው ግን እዚያው ሥዕልን መረጡ። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ አፈወርቅን የምታውቃቸው በስም ብቻ ነበር። «እሳቸውም ቤተሰብ ያሰበላቸው ሌላ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሥራዬ የምታወራበት ድምፅ ተለወጠ። ከቤተሰብ ጋር የምትጨቃጨቁ ልጆች ካላችሁ፣ ስለራሳችሁ ከመከራከር የእንዲህ ያለ ሰው ታሪክ መንገር ይሻላል። እኔን ረድቶኛል።

ከአፈወርቅ ሕይወት የበለጠ የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ዐውደ ርዕያቸውን አሳዩ። በዚያ ባገኙት ገንዘብ ወደ አውሮፓ ተመልሰው ሄዱ። እዚያ የመስታወት ሥዕል አሠራር ተማሩ። በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎችም አጠኑ። አስቡት። የራሱን አገር ጥንታዊ ሥዕል ለማየት ባሕር የተሻገረ ሠዓሊ! እኛ ግን ብዙዎቹን የቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች በአውቶቡስ ሄደን ማየት እንችላለን።

ያ ሁሉ ጥናት የት እንደደረሰ ለማየት አፍሪካ አዳራሽ ሂዱ። ሕንጻው በ1961 ሲመረቅ የተገጠሙት ባለቀለም መስታወቶች 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ። የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ይተርካሉ። አዳራሹ ታድሶ በ2024 ነው እንደገና የተከፈተው። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ አስቀድሞ ጉብኝት ማስያዝና መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ከቻላችሁ ፀሐይ በወጣበት ቀን ይሁን። መስታወቱ ሥራውን የሚሠራው በብርሃን ነው። እኔ እዚያ ስቆም የገባኝ ነገር ቢኖር አፈወርቅ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ቀድተው እንዳላመጡት ነው። ትልልቆቹ ዓይኖች አሉ፣ ጥቁሩ ወፍራም መስመር አለ። የሚናገሩት ግን ስለዚያ ዘመን አፍሪካ ነው።

ከአፈወርቅ ቀጥሎ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉም በላይ የለወጠኝ እሱ ነው።

ገብረ ክርስቶስ ሐረር ነው የተወለደው፣ እሱም በ1932። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ ብራና ላይ ይጽፉ ነበር። ልጅየው ቀለምና ብራና እያየ አደገ። በኋላ ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲመለስ ያመጣው ነገር ብዙ ሰው አስደነገጠ። ረቂቅ ሥዕል ነበር፤ ነገሮችን ዓይን እንደሚያያቸው ሳይሆን በቀለምና በቅርጽ የሚናገር። «ይሄ የእኛ አይደለም፣ የፈረንጅ ነው» ተባለ። እሱ ግን ገፋበት። «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕሉን ካያችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ስቅለት ነው፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ርዕስ። ግን ሸራውን የሞላው ቀዩ ቀለም ነው። ገላው በቀዩ ውስጥ ሊጠፋ ደርሷል። የአባቱ ቤት እዚያ አለ፤ ኮሎኝም እዚያ አለ።

ገጣሚም ነበር። ስለ አገሩ የጻፈውን ግጥም ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። ሰውየው ግን የሞተው ከአገሩ ርቆ ነው፤ በ1981፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ። ውጭ ቀርተው ከነበሩት ሥዕሎቹ የተወሰኑት ተመልሰው ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለውና በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይገኛሉ። ሙዚየሙ በ2008 ነው የተከፈተው። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አጣሩ። ብሔራዊ ሙዚየምም አምስት ኪሎ ስላለ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ብሔራዊ ሙዚየም የሚሄደው ሰው አብዛኛው ሉሲን አይቶ ይመለሳል። እባካችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ሥዕሎቹ ያሉት እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ገብረ ክርስቶስ መምህርም ነበር። ያስተማረው በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ነው። አለ ራሳቸው ቺካጎ ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ትምህርት ቤቱን ያቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ስማቸውን ይዟል። ከገብረ ክርስቶስ ተማሪዎች አንዱ ታደሰ መስፍን ናቸው። ታደሰ በ1953 የተወለዱት ወልድያ ነው። ከአዲስ አበባ በኋላ ሌኒንግራድ ሄደው ተማሩ። ተመልሰው እዚያው በተማሩበት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተማሩ። ከእሳቸው ተማሪዎች አንዱ ደግሞ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። ተስፋዬ በ1983 አዲስ አበባ ተወለደ፣ በኋላ ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ተማረ። በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ፣ በየሁለት ዓመቱ ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ የራሷን ቦታ ይዛ ስትቀርብ፣ ሥራዎቹን ያሳየው እሱ ነበር።

የሦስቱን ሥዕል ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ወንድማማች አይመስሉም። ገብረ ክርስቶስ ረቂቅ ነው። ታደሰ የገበያ ሴቶችን ይሥላሉ። ተስፋዬ ደግሞ የተጠላለፉ ገላዎችን፣ ቀጥ ብለው የሚያዩ ዓይኖችን፣ ስደትንና መገለልን ይሥላል። መምህሩ ራሱን ተማሪው ላይ አላተመም። ግን አንዱ ባይኖር ሌላው እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ አላምንም። ይህን ሰንሰለት ስረዳ ነው ብቸኝነቴ የቀለለው። እኔም ከዚያው ቤት የወጣሁ ነኝ። በዚያው ኮሪደር ተመላልሻለሁ።

የታደሰ መስፍን ሥራዎች ላይ ትንሽ ልቆይ። «የሕይወት ዓምዶች» ብለው በሰየሙት ተከታታይ ሥራቸው የሚሥሉት በጉልት የሚነግዱ ሴቶችን ነው። ሴቶቹ ረጃጅሞች ናቸው። ቆመዋል። የሚሸጡት ዕቃ ጎልቶ አይታይም፤ የቀለም ምልክት ያህል ብቻ ነው የቀረው። ጀርባቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ ምድር ላይ ይቁሙ አየር ላይ አይለይም። በየቀኑ አልፈናቸው የምንሄደው እናቶች እዚያ ሸራ ላይ እንደ ቅዱሳን ቆመው ያዩናል። «ምን ልሣል?» የሚለው ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው መልስ ማግኘት የጀመረው።

እኔ ሠፈር፣ ታክሲ የሚቆምበት መታጠፊያ ላይ ጉልት አለ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ አንዳንዴ ጎመን። ሰውን ሳያስፈቅዱ መሣል ነውር ስለሆነብኝ መጀመሪያ ደንበኛ ሆንኩ። ከዚያ አንዲት እናትን «እማማ፣ ቁጭ ብዬ ልሣልዎት?» አልኳቸው።

«እኔን አሮጊቷን ምን ያደርግልሻል? ልጅ እግሮቹን ሣዪ እንጂ» አሉኝ።

ስለምን እንደፈለግኳቸው አስረዳሁ። ዝም ብለው ሰሙኝና «በይ፣ ከተቀመጥሽ አይቀር የሽንኩርቱን ልጣጭ አራግፊልኝ» አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርት እያራገፍኩ፣ ቀሪውን ጊዜ በእርሳስ እየነደፍኩ ማሳለፍ ልማዴ ሆነ። ፎቶ አነሳለሁ ብዬ ሞክሬ አላውቅም። እርሳስ ቀርፋፋ ነው፤ ቀርፋፋነቱ ነው ጥቅሙ። ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ሲደረድሩ ትልቁን ከላይ፣ ትንንሾቹን ከሥር እንደሚያደርጉ ያየሁት በእርሳስ ነው። ጠዋት ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ከሰዓት በኋላ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ የግራ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ክብደታቸውን ከዚያ ያነሳሉ። ይህቺ ማዘንበል ዛሬ በብዙ ሥዕሎቼ ውስጥ አለች። ከታደሰ አልተዋስኳትም፤ እሳቸው ግን የት እንደምፈልጋት አሳይተውኛል።

ሰው የምትሥሉ ከሆነ ይህን አደራ እላለሁ። አስፈቅዱ። ጊዜያቸውን ስትወስዱ የሆነ ነገር መልሱ፤ ግዙ፣ አግዙ። ሥዕሉ ሲያልቅ አሳዩዋቸው። እማማ የመጀመሪያውን ንድፍ ሲያዩ «ነጠላዬ እንዲህ ቆሽሿል እንዴ?» ብለው ነው የተቆጡት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ለብሰው ጠበቁኝ። በዚያው ሣልኳቸው፤ መከበር የፈለጉት እንደዚያ ነውና።

ሌላው ጥቅም የሰጠኝ ወደ ሕያዋን ሠዓሊዎች ስቱዲዮ መሄድ ነው። ብዙ ወጣቶች ይህን ይፈራሉ። ታዋቂ ሰው ጊዜ አይሰጠኝም ይላሉ። የእኔ ልምድ ሌላ ነው። በዐውደ ርዕይ መክፈቻ ቀን ሠዓሊው እዚያው ቆሞ ነው የሚገኘው። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ የግል ጋለሪዎች፤ መክፈቻ ላይ መግባት አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። ሥራውን በደንብ ካያችሁ በኋላ ስለ አንድ ሥዕል አንድ የተለየ ጥያቄ ጠይቁ። «በጣም አሪፍ ነው» ማለት ወሬ አያስቀጥልም። «ይሄን ሰማያዊ ከሥር ምን ቀብተህበት ነው?» ብትሉት ግን ማንኛውም ሠዓሊ ያወራችኋል።

እኔ ጋሼ የምላቸውን አንጋፋ ሠዓሊ ያገኘሁት እንዲህ ነው። ስቱዲዮዬ ነይ አሉኝ። ሄድኩ። በሩ ላይ እጄን አይተው «ሥራሽስ የታለ?» አሉ። ባዶ እጅ አይኬድም ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ይዤ ነው የምሄደው። ጋሼ ብዙ አይናገሩም። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ያስደግፉና ቡና እስኪፈላ ዝም ብለው ያዩታል። ከዚያ አንድ ቦታ በጣታቸው ይጠቁማሉ። «እዚህ ጋ ቸኩለሻል።» በቃ። ሁልጊዜም ልክ ናቸው። በስንፍና ያለፍኩትን እጅ፣ በጨለማ የሸፈንኩትን እግር ያገኙታል። እንዲህ የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ካላችሁ፣ ያ ሰው ብዙ ላይክ ከሚሰጣችሁ ሕዝብ ይበልጣል።

ውጭ ላላችሁም መንገዱ አልተዘጋም። በተለይ ዋሽንግተን ዲሲ። እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ለንደንና ፓሪስ ኖሮ፣ በ1960ዎቹ ተመልሶ ለጥቂት ዓመታት እዚሁ አስተማረ። ከዚያ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባና ከ1972 እስከ 2001 እዚያ አስተማረ። በፊደል ቅርጾች የሚሥለው ወሰኔ ኮስሮፍ ሃዋርድ የተማረው በእሱ ጊዜ ነው። ዋሽንግተን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ያለውን የአሉሚኒየም ሥራ ብዙ ሰው ለፓስፖርት ሲሄድ አጠገቡ ያልፋል። እስክንድር ከከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው ነው፣ በ2001። የከበደችን ሕይወት ደግሞ እወቁ። አዲስ አበባ የሥዕል ተማሪ ነበረች። ከአገር ስትሰደድ ሶማሊያ ውስጥ ተይዛ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በእስር ቆየች። ከዚያ ወጥታ ወደ ሥዕሏ ተመለሰች፤ ሃዋርድም ተማረች። «ጊዜ አልፎብኛል» የሚል ሰው ስሰማ የማስታውሰው እሷን ነው።

ስለ ቁሳቁስ ጥቂት ልበል። የውጭ ቀለምና ሸራ ውድ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። እኔ አቡጀዴ ገዝቼ፣ ለአናጺ ፍሬም አስመትቼ ራሴ እወጥራለሁ። ኮላ በውሃ አቅጥኜ አንድ ጊዜ እቀባለሁ፣ ሲደርቅ ነጭ የግድግዳ ቀለም ሁለት ሦስቴ እደርብበታለሁ፤ በየመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አደርገዋለሁ። ለአክሪሊክ ጥሩ ይሆናል። ለሽያጭ ለሚወጣ ትልቅ ሥራ ግን የተሻለ ሸራ እጠቀማለሁ፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚገዛው ነገር መቆየት አለበት።

ሸራና ቀለም ከሌለስ? ዘሪሁን የትምጌታ ቀርከሃ ላይ ሣሉ፤ የጠልሰምን (በክታብ ላይ የሚሣለውን ሥዕል) ወግ ከዘመኑ ጋር አገናኙ፤ በ1992 በዳካር ቢየናሌ ከፍተኛውን ሽልማት ከሌላ ሠዓሊ ጋር ተጋርተው ተቀበሉ። ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከመርካቶ የሚሰበስበውን የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ የኮምፒውተር ቦርድና ሽቦ፣ ከሩቅ ሲያዩት የእርሻ መሬት የሚመስል ሰፊ ሥራ ያደርገዋል። ቀረብ ስትሉ እያንዳንዱ ሽቦ በእጅ የተጎነጎነ ነው። መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ያቋቋመው ከመስከረም አሰግድ ጋር ነው። የጭቃ ግድግዳዎቹን ለማየት ብቻ እንኳ መሄድ ተገቢ ነው። ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ ነበር። በማግሥቱ አንዱ ልጅ የተበላሸ ሬዲዮ ይዞ ክፍል ገባ። ያን ሬዲዮ ፈታትተን አንድ ሙሉ ትምህርት ሠራንበት።

ገንዘቡን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ከላይ ከጠቀስኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ አስተምረዋል። ማስተማር ለሠዓሊ ውድቀት አይደለም። እኔ ደመወዜ ኪራዬን ስለሚችል ሥዕሌን በርካሽ ለመሸጥ አልገደድም። ማስተማሩም ይመልስልኛል፤ ልጆች ቀለም ሲመርጡ አይፈሩም።

ስትሸጡ ግን ነገሩን በወረቀት ያዙ። ለአንድ ጋለሪ ሥራ ሰጥቼ ከተሸጠ በኋላ ገንዘቤን ለማግኘት ብዙ ተመላልሻለሁ። በቃል ነበር የተስማማነው። አሁን የሥዕሉ ስም፣ ልኬቱ፣ ዋጋው፣ የጋለሪው ድርሻ፣ ከሽያጭ በኋላ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም፣ ካልተሸጠ መቼ እንደሚመለስ ተጽፎ ሁለታችንም ሳንፈርም ሥራዬ ከቤት አይወጣም። ጥሩ ጋለሪ ይህን ሲሰማ አይከፋውም። «በነፃ ስቀዪልን፣ ሰው ያይልሻል» የሚሉ ሆቴሎችና ካፌዎችም ይመጣሉ። ቢያንስ የማጓጓዣውን፣ የጉዳት ኃላፊነቱንና የሚሰቀልበትን ጊዜ ጠይቁ። ሲመልሱ የሚያቅማሙ ከሆነ ተዉት።

ዋጋ ስትተምኑ ስቱዲዮ የሚመጣና ጋለሪ የሚሄድ ሰው አንድ ዋጋ ይስማ። በጓሮ ርካሽ፣ በፊት ለፊት ውድ ከሆነ ጋለሪው ሁለተኛ አይጠራችሁም። እያንዳንዱን ሥራ ከመሸጡ በፊት በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት። ከጀርባው ስማችሁን፣ ዓመቱንና የተጠቀማችሁበትን ቀለም ጻፉ። የገዛውን ሰው ስምና ስልክ በአንድ ደብተር ያዙ። ወደፊት ትልቅ ዐውደ ርዕይ ስታዘጋጁ ሥራውን በውሰት የምታገኙት በዚያ ደብተር ነው። የእኔ ደብተር ውስጥ እማማም አሉ። በንጹሕ ነጠላ የሣልኳቸውን ሥዕል ለልጃቸው ሰርግ ስጦታ ብለው ዋጋውን ጠየቁኝ፤ ግማሹን በገንዘብ፣ ግማሹን በሽንኩርት ተስማምተን ፈረምን።